የሚቆለፈው ጎማ፤ ጥፋተኛ ነው ወይስ ምስክር?

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከዊንጌት በ18 ማዞሪያ በኩል ወደ ጦር ኃይሎችና ወደ አየር ጤና የሚያልፈውን የቀለበት መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው፣ ከሰፋፊ ጋራዦች አንሥቶ በአንድ ክሪክና በአንድ የመፍቻ ሣጥን ሥራ እስከሚከናወንበት ጠባብ ግቢ ድረስ ልዩ ልዩ የመኪና ጥገና ቦታዎችን ይመለከታል። በእነዚህ ግቢዎች በር ላይ ከሚቆሙት መኪኖች መካከል ፋብሪካው ባወጣቸው ሁኔታ ያልቀሩ አሉ። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያለው አሮጌ መኪና ባለቤቱ በቀላሉ የማይተካው ንብረት ሆኗል። ስለዚህ ይጠገናል፤ ይታደሳል፤ ይለወጣል።

ከመኪኖቹ አንዳንዶቹ የሚለወጡት ለኑሮ ነው። የዕቃ መጫኛ የነበረው ቫን ወንበር ተገጥሞለት ሰው ማመላለሻ ይሆናል፤ ፒክአፑም ባሌስትራ ተደርቦለት ከቀድሞው የበለጠ ይጭናል። ሌሎቹ የሚለወጡት ግን ለፍቅር ነው። ወጣቱ ባለቤት አሮጌውን ኮሮላ ወደ መሬት ዝቅ ያደርገዋል፤ ሰፋፊ ቸርኬ ያስገጥምለታል፤ ሞተሩን በበለጠ ጉልበተኛ ሞተር ይለውጣል፤ የኋላውን ታምቡር አስወጥቶ ዲስክ ያስገባል። በጋራዡ ቋንቋ «ሞዲፋይድ» የተባለው መኪና የስፖርት መኪና መልክና ጠባይ ይዞ ይወጣል። ይህን ሥራ መናቅ አይገባም፤ ከማዕድ ቤት እስከ ፋብሪካ ያለው የእጅ ጥበብ ሁሉ የተወለደው ከእንዲህ ያለው የመሞከር ፍላጎት ነውና።

ነገር ግን መኪናው ከተለወጠ በኋላ ባለቤቱ ወደ መካኒኩ ይዞት የሚመለስ አንድ አቤቱታ አለ። ይኸውም፣ «ፍሬን አጥብቄ ስይዝ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ቀድሞ ይቆለፋል፤ መኪናውም ወደ አንድ ወገን ይሄዳል» የሚል ነው። መንኮራኩሩ መዞሩን አቁሞ ጎማው በአስፋልቱ ላይ ሲንሸራተት «ተቆለፈ» ይባላል። የዛሬው ንግግር ዓላማ የዚህን አቤቱታ አመረማመር ማብራራት ሲሆን፣ ፍሬ ነገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጠቃለል ይችላል፤ ቀድሞ የሚቆለፈው ጎማ ብዙ ጊዜ ምስክር እንጂ ጥፋተኛ አይደለም። ምስክሩን ዝም ማሰኘት ደግሞ ወንጀሉን አያጠፋውም።

የፍሬን ሥራ በአጭሩ

እግር ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬኑ ዘይት ግፊቱን ወደ አራቱም መንኮራኩሮች ያደርሳል። ግፊቱ የፍሬኑን ሸራ በዲስኩ ወይም በታምቡሩ ላይ ያስጨንቀዋል። መኪናውን በመጨረሻ የሚያቆመው ግን ሸራውም ዲስኩም አይደለም፤ በጎማውና በመንገዱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ይህም ሰበቃ ወሰን አለው። ወሰኑ የሚለካው ጎማው በተሸከመው ክብደትና በጎማውና በመንገዱ የመያያዝ መጠን ነው። ፍሬኑ ከዚህ ወሰን በላይ ሲጠይቅ ጎማው ይቆለፋል።

ስለዚህ አንድ ጎማ ቀድሞ የሚቆለፈው ከሁለት ነገሮች በአንዱ ነው። ወይም የዚያ ጎማ ፍሬን ከሌሎቹ የበለጠ ኃይል ይሰጣል፤ ወይም የዚያ ጎማ ወሰን ከሌሎቹ ያነሰ ነው። የመጀመሪያው የፍሬን ጉዳይ ሲሆን፣ ሁለተኛው የጎማ ወይም የክብደት ጉዳይ ነው። አቤቱታው አንድ ዓይነት ቢመስልም ሁለቱ ሕመሞች መድኃኒታቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው።

በዚህ ላይ የክብደት ሽግግር ይጨመራል። መኪና ፍሬን ሲይዝ አፍንጫው ይደፋል፤ ከኋላ ጎማዎች ክብደት ተነሥቶ ወደ ፊት ጎማዎች ይሸጋገራል። ለአብነት ያህል፣ ከነሹፌሩ 1,000 ኪሎ የሚመዝን፣ የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 50 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ፣ በፊትና በኋላ መንኮራኩሮቹ መካከል 2.4 ሜትር ርቀት ያለው መኪና ይታሰብ። ይህ መኪና ፍጥነቱን ከመሬት ስበት 7 ዐሥረኛ በሚሆን መጠን ሲቀንስ፣ ወደ 146 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል። ቆሞ ሳለ ፊቱ 550፣ ኋላው 450 ኪሎ ተሸክሞ ከነበረ፣ በዚያች ቅጽበት ፊቱ 696፣ ኋላው 304 ይሆናል። የፋብሪካው መሐንዲሶች የፊቱን ፍሬን ትልቅ፣ የኋላውን አነስተኛ አድርገው የሚሠሩት ይህን አስልተው ነው። ሞላውን የሚቆርጥ፣ ቸርኬውን የሚለውጥ፣ ዲስክ የሚያስገባ ሰው ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ያንን ስሌት አፍርሶ በራሱ ስሌት ተክቶታል።

መፍቻ ከመነሣቱ በፊት

ልምድ ያለው ሐኪም መርፌ ከማንሣቱ በፊት በሽተኛውን ይጠይቃል። መኪናም ይጠየቃል። ጥያቄዎቹም ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ልዩነቱ በግራና በቀኝ መካከል ነው ወይስ በፊትና በኋላ መካከል? የሚል ነው። ለአራቱም መንኮራኩር የጋራ የሆነ ክፍል ለአንዱ ጎማ ብቻ የሆነ ምልክት ሊያመጣ አይችልም። ፔዳሉ፣ በሞተሩ አየር መምጠጥ እግርን የሚያግዘው ሰርቮ፣ ሁሉም የጋራ ናቸው። የአዲስ አበባ ከፍታም እንዲሁ ነው። በዚህ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ ስለሚያንስ የሰርቮው እገዛ ይቀንሳል፤ ስፖርታዊ ካምሻፍት የገባለት ሞተር ደግሞ ያለ ጋዝ ሲሠራ የሚመጥጠው አየር ደካማ ስለሚሆን እገዛው ይብስ ይወርዳል። ይህ ፔዳሉን ያከብደዋል እንጂ መኪናውን ወደ ግራ አይወስደውም። መኪናው ወደ አንድ ወገን ሄደ ተብሎ ማስተር ሲሊንደር ሲለወጥ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ፍሬያማ ነው። መኪናው ወደ አንድ ወገን የሚሄደው ፍሬን በቀስታ ሲያዝ ነው ወይስ ጎማው ከተቆለፈ በኋላ ብቻ? የቀኙ የፊት ጎማ ቀድሞ ይቆለፋል እንበል። የዚህ ምክንያት የግራው ፍሬን መድከም ወይም የቀኙ ፍሬን ከልክ በላይ መያዝ ከሆነ፣ መኪናው በቀስታ ሲያዝም ወደ ቀኝ ይሳባል፤ ብርቱው ፍሬን በቀኝ ነውና። ምክንያቱ የቀኙ ጎማ ክብደቱ ማነሱ ወይም ጎማው ማለቁ ከሆነ ግን፣ በቀስታ ሲያዝ መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል። አጥብቆ ሲያዝ ብቻ ቀኙ ተቆልፎ ኃይሉን ያጣል፤ ግራው መያዙን ይቀጥላል፤ መኪናውም ወደ ግራ ይዞራል። በሁለቱም ጊዜ የሚጮኸውና የሚጨሰው ያው የቀኝ ጎማ ነው። የመኪናው አቅጣጫ ግን ሁለቱን ሕመሞች ይለያቸዋል።

ሦስተኛው፣ ምልክቱ ጎማውን ይከተላል ወይስ ቦታው ላይ ይቀራል? የሚል ነው። አስቀድሞ የሁለቱ ጎማዎች ነፋስ እኩል ይደረግ፤ ስፋታቸው፣ ዓይነታቸውና ዕድሜያቸው ይነጻጸር። ከዚያ የግራና የቀኝ መንኮራኩሮች፣ ጎማው ባለ አንድ አቅጣጫ ካልሆነ በቀር፣ ቦታ ይለዋወጡ። መቆለፉ ጎማውን ተከትሎ ወደ ሌላው ወገን ከተሻገረ ጥፋቱ የጎማው ነው። ቦታው ላይ ከቀረ ጎማው ነጻ ነው። ይህ ሙከራ ከክሪክና ከመንኮራኩር መፍቻ በቀር ሌላ ወጪ የለውም።

የምልክቱ ምንጭ በእርግጥ ፍሬኑ መሆኑ ከታወቀ፣ ምርመራው ወደ ዘይቱና ወደ ሸራው ይገባል። ከጥቂት መካከለኛ አያያዞች በኋላ የሁለቱ ዲስኮች ሙቀት ይነጻጸር፤ ቀዝቃዛው ያልሠራው ነው። ሙቀትን ከርቀት የሚያነበው መሣሪያ በሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ዝቅ አድርጎ ስለሚያነብ፣ በሁለቱም በኩል የዲስኩ የዛገ ጠርዝ ይለካ። የጋለው መንኮራኩር በክሪክ ተነሥቶ በእጅ ሲዞር ከከበደ፣ የአየር ማስወጫ ብሎኑ በጥቂቱ ይላላ። ዘይቱ ፈንጥቆ መንኮራኩሩ ከተፈታ ግፊት ታፍኖ ነበር ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም የላስቲክ ቱቦው ውስጡ አብጦ ዘይቱ እንዳይመለስ አግዷል። ካልተፈታ ፒስተኑ ወይም የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒን ዝጎ ይዟል። በታምቡር ፍሬን ደግሞ ከአክሰሉ ማኅተም የሾለከ ቅባት ሸራውን አርሶት እንደ ሆነ፣ የእጅ ፍሬኑም ገመድ አንዱን ወገን ይዞ እንደ ሆነ ይታይ። ከታምቡሩ ሸራዎች አንዱ በመንኮራኩሩ መዞር እየተሳበ ራሱን በራሱ ስለሚያጠብቅ፣ በዲስክ ላይ የማይታወቅ ትንሽ የሰበቃ ለውጥ በታምቡር ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

የአንድ መኪና ምሳሌ

ይህን በአንድ ምሳሌ ማየት ይጠቅማል። ምሳሌው ለማብራሪያ የተዘጋጀ እንጂ የአንድ የታወቀ ባለ መኪና ታሪክ አይደለም። መኪናው ከላይ የተሰላው ባለ 1,000 ኪሎ፣ የኋላ ጎማ ነጂ የሆነ አሮጌ ኮሮላ ይሁን። ሞተሩ ተለውጧል፤ አራቱም ሞላዎች በመጋዝ ተቆርጠው መኪናው ዝቅ ብሏል፤ ሰፋፊ ቸርኬም ገብቶለታል። ወጣቱ ባለቤት ወደ ጋራዥ ገብቶ ሽማግሌውን መካኒክ፣ «ጋሼ፣ የቀኙ የፊት ፍሬን እጅግ ይይዛል፤ ትንሽ ይቀንሱልኝ» ይላል።

ቃሉ ራሱ ፍርድ ነው። ባለቤቱ ያየው የጎማ ጭስ ነው፤ የተናገረው ግን ስለ ፍሬን ነው። መካኒኩም በዚህ ቃል ተመርቶ የቀኙን ሸራ ይለውጣል፤ ለውጥ የለም። ካሊፐሩን ፈትቶ ያድሳል፤ ለውጥ የለም። በሦስተኛው ቀን ወደ ቀኙ የሚሄደውን የዘይት መስመር የሚያጠብብ ነገር ይገጥማል። አሁን የቀኙ ጎማ በድንገተኛ አያያዝ ቀድሞ አይቆለፍም። ባለቤቱ ይደሰታል፤ ከፍሎም ይሄዳል። ነገር ግን ከዚያ በፊት በቀስታ ሲያዝ ቀጥ ብሎ ይቆም የነበረው መኪና አሁን ፔዳሉ በተነካ ቁጥር ወደ ግራ ይሳባል፤ የማቆሚያ ርቀቱም ረዝሟል። ጤነኛው ፍሬን እንዲታመም ተደርጓል።

በሁለተኛው ጥያቄ የተጀመረ ምርመራ ወዴት ይወስድ ነበር? መኪናው በቀስታ ሲያዝ ቀጥ ይላል፤ አጥብቆ ሲያዝ ቀኙ ተቆልፎ ወደ ግራ ይዞራል። የሁለቱ ዲስኮች ሙቀት እኩል ነው። ጎማዎቹ ቦታ ሲለዋወጡ መቆለፉ ከቀኝ አልተነቃነቀም። እንግዲህ ፍሬኑም ጎማውም ነጻ ናቸው፤ የቀረው ክብደቱ ነው።

ተመልካች ከውጭ ሆኖ ሲያይም ሌላ ነገር ያስተውላል። ከቀኙ የፊት ጎማ ጋር አብሮ የሚቆለፍ ሌላ ጎማ አለ፤ እርሱም የግራው የኋላ ጎማ ነው። ይህ ሰያፍ ምልክት ታላቅ ትርጉም አለው። በብዙ የፊት ጎማ ነጂ መኪኖች የፍሬኑ ዘይት መስመር በሰያፍ ለሁለት የተከፈለ በመሆኑ፣ ሰያፍ ምልክት ከዘይቱ መስመር ሊመጣ ይችላል። ቶዮታ ኮሮላን በአብዛኛው ወደ ፊት ጎማ ነጂነት ያዛወረው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የኋላ ጎማ ነጂዎች ዘንድ የተለመደው ክፍፍል ግን አንዱ መስመር ለፊት፣ ሌላው ለኋላ ነው። እንዲህ ያለው መስመር ሰያፍ ምልክት ሊያመጣ አይችልም። ሰያፍ የሚሄደው ክብደት ብቻ ነው።

መኪናውን መመዘን ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ መንኮራኩር የሚሆን ልዩ ሚዛን በማይገኝበት ቦታ፣ የእህል ነጋዴዎች ኩንታል የሚመዝኑበት የመድረክ ሚዛን፣ አቅሙ የሚበቃ ከሆነ፣ ይህን ሥራ ይሠራል። አንዱ መንኮራኩር በሚዛኑ ላይ ሲቆም ሦስቱ በትክክል እኩል ከፍታ ባላቸው ጣውላዎች ላይ ይቁሙ፤ መሬቱ ደልዳላ ይሁን፤ ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፤ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ፤ አሞርዛተሮቹ እንዳይዙ መኪናው ተወዛውዞ ይረፍ። በምሳሌው መኪና ላይ ሚዛኑ የሚከተለውን ይናገራል። የፊት ግራ 310፣ የፊት ቀኝ 240፣ የኋላ ግራ 190፣ የኋላ ቀኝ 260 ኪሎ።

እነዚህን ቁጥሮች ልብ ብሎ ማየት ያሻል። የግራው ወገን ድምር 500፣ የቀኙም 500 ነው። የፊቱ 550፣ የኋላው 450 ነው፤ ይህም እንደ ተጠበቀው ነው። ወገንን ከወገን፣ ፊትን ከኋላ ብቻ የሚያነጻጽር ሰው ምንም ጉድለት አያገኝም። ሰያፉ ሲደመር ግን የፊት ግራና የኋላ ቀኝ 570፣ የፊት ቀኝና የኋላ ግራ 430 ይሆናሉ። በመጋዝ የተቆረጡት ሞላዎች ቁመታቸው እኩል አልነበረምና፣ መኪናው አንድ እግሩ እንዳጠረ ወንበር በሁለት ሰያፍ እግሮቹ ላይ ተደግፏል።

ቀሪውን ስሌቱ ይናገራል። አጥብቆ ሲያዝ ለእያንዳንዱ የፊት ጎማ 73 ኪሎ ይጨመራል፤ ከእያንዳንዱ የኋላ ጎማ ያንኑ ያህል ይቀነሳል። የፊት ግራው 383፣ የፊት ቀኙ 313፣ የኋላ ግራው 117፣ የኋላ ቀኙ 187 ይሆናል። የጎማውና የአስፋልቱ የሰበቃ መጠን 0.8 ቢሆን፣ የፊት ግራው 306 ኪሎ ያህል ኃይል እስኪጠየቅ ሳይቆለፍ ይችላል፤ የፊት ቀኙ ግን በ250 ያበቃለታል። የኋላ ግራውም 94 ላይ ይቆለፋል። ሁለቱም የፊት ፍሬኖች ፍጹም ጤነኞችና እኩል ሆነው ሳለ ቀኙ ይቆለፋል። እርሱ «ፍሬኔ ታሟል» አላለም፤ «የተሸከምኩት ጥቂት ነው» ብሎ መሰከረ እንጂ።

መድኃኒቱም ከሞላው ነው። የተቆረጡት ሞላዎች ወጥተው ቁመታቸውና ጥንካሬያቸው በጥንድ የተመጣጠነ ሞላ ይገባል፤ ሚዛኑን የሚያጣምም እንዳይሆን የስታቢላይዘሩ ማያያዣ ተፈትቶ መኪናው ይመዘናል፤ ከዚያም ማያያዣው ያለ ጭነት ይገጠማል። የፊቶቹ ጎማዎች 275፣ 275፣ የኋላዎቹ 225፣ 225 አካባቢ ሲደርሱ፣ አንዲት የፍሬን ብሎን ሳትነካ ምልክቱ ይጠፋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ የሚለው ብሂል ለመካኒክም የተነገረ ነው።

ከኋላ የሚመጣው አደጋ

የግራና የቀኝ ልዩነት በጭስና በጩኸት ይታወቃል። የፊትና የኋላ ልዩነት ግን እስከ አደጋው ቀን ድረስ ዝም ሊል ይችላል። የፊት ጎማዎች ሲቆለፉ መሪው መታዘዙን ያቆማል፤ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የኋላ ጎማዎች ቀድመው ሲቆለፉ የመኪናው ጀርባ ፊቱን ሊቀድም ይሽቀዳደማል፤ መኪናው ይሽከረከራል፤ ሹፌሩም ለማረም ጊዜ አያገኝም። በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የወጡት የፍሬን ደንቦች በቤት መኪና የፊት ጎማዎች የመቆለፍ ወሰን ከኋላዎቹ ቀድሞ እንዲደረስ የሚጠይቁት ስለዚህ ነው።

የኋላውን ታምቡር አውጥቶ ከሌላ መኪና የመጣ ዲስክ ማስገባት መኪናውን ያሳምረዋል። የኋላውን ግፊት የሚገድበው ቫልቭ ግን የተመጠነው ለታምቡሩ ነው። የካሊፐሩ ፒስተን ስፋት፣ የዲስኩ ዲያሜትርና የሸራው ሰበቃ ሲለወጥ ሚዛኑም ይለወጣል። ሚዛኑን በሚስተካከል ቫልቭ መመለስ ይቻላል። ነገር ግን ቫልቩ በክረምት በረጠበ አስፋልት ላይ ተስተካክሎ መኪናው ቢለቀቅ ታላቅ ስሕተት ይሆናል። በረጠበ መንገድ መኪናው በዝግታ ስለሚቆም ወደ ፊት የሚሸጋገረው ክብደት ጥቂት ነው፤ የኋላ ጎማዎቹም ክብደታቸውን ይዘው ስለሚቆዩ አይቆለፉም። ያው ቫልቭ በጥቅምት በደረቀ አስፋልት ላይ፣ የኋላው ክብደት በተነሣ ጊዜ፣ የኋላውን ጎማ ያስቆልፋል። የመጨረሻው ማስተካከያ ጎማው አጥብቆ በሚይዝበት ደረቅ መንገድ ይሁን፤ የፊቱም ጎማ ሁልጊዜ ቀድሞ ይቆለፍ።

ይህ ነገር የወጣቶችን የስፖርት መኪና ብቻ የሚመለከት አይደለም። በአንዳንድ ቫኖችና ፒክአፖች ላይ በሻንሲውና በኋላው አክሰል መካከል ያለውን ርቀት እያነበበ የኋላውን ፍሬን ግፊት የሚወስን ቫልቭ አለ። ርቀቱ ሲጠብብ ቫልቩ «መኪናው ተጭኗል» ብሎ ግፊቱን ይጨምራል፤ ሲሰፋ ይቀንሳል። ባሌስትራ ሲደረብ መኪናው ተጭኖም ዝቅ አይልም፤ ቫልቩም ባዶ እንደ ሆነ ቆጥሮ የኋላውን ፍሬን ያደክማል፤ ሸክሙ ሁሉ በፊት ፍሬን ላይ ይወድቃል። መኪናው ዝቅ ሲደረግ ደግሞ ባዶውን ሳለ የተጫነ መስሎት የኋላውን ጎማ ያስቆልፋል። አንድ ሰው ለጭነት፣ ሌላው ለውበት የሠራው ሥራ በአንድ ቫልቭ ላይ ተገናኝቶ ሁለት ተቃራኒ ጥፋቶችን ያመጣል።

ስለ ሙከራውና ስለ መለኪያው

የመቆለፍ ሙከራ በቀለበት መንገድ ላይም ሆነ ልጆች በሚሻገሩበት የሰፈር መንገድ አይደረግም። ለሌላ ተሽከርካሪ በተዘጋ፣ ደልዳላና ሰፊ ቦታ፣ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ተጀምሮ ከ50 ሳይዘል ይደረግ። በእያንዳንዱ ጎማ ጎን ላይ በጠመኔ ከመሐል ወደ ዳር ወፍራም መስመር ቢሰመርና ከሁለት ወገን በእጅ ስልክ ቢቀረጽ፣ የትኛው መስመር ቀድሞ መዞሩን እንዳቆመ ያለ ክርክር ይታያል። የመንገዱ ወደ ጎን ማዘንበል እንዳያሳስት ሙከራው በሁለቱም አቅጣጫ ይደገም። ከሁሉም በላይ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ሦስት ነገር በአንድ ቀን የለወጠ መካኒክ መኪናው ቢድን እንኳ በምን እንደ ዳነ አያውቅም።

የሮለር መፈተሻ ባለበት ቦታ ደግሞ ቁጥር ይገኛል። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምርመራ መመሪያ፣ በአንድ አክሰል ላይ የደካማው ጎማ ፍሬን ከብርቱው ከ70 በመቶ በታች ከሆነ ከባድ ጉድለት ነው፤ መሪው በሚያዞረው አክሰል ላይ ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ግን አደገኛ ይባላል። ሆኖም መፈተሻው ቆሞ የተመዘነ መኪናን እንጂ አፍንጫው የተደፋ መኪናን አይለካም፤ ስለዚህ ውጤቱ ከሚዛኑና ከመንገዱ ሙከራ ጋር አብሮ ይነበብ።

ከኤቢኤስ በፊት በተሠሩ መኪኖች፣ ማለትም ቦሽ ይህን መሣሪያ በ1978 እ.ኤ.አ. በመርሴዲስ መኪና ላይ ለገበያ ካበቃ በኋላም ለረጅም ጊዜ ያለ እርሱ በተሠሩት፣ ጎማው ሲቆለፍ የሚያድነው የሹፌሩ እግር ብቻ ነው። እግሩም ፔዳሉን ሲለቅ ጤነኞቹ ሦስት ጎማዎች አብረው ይለቃሉ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከመሬት ስበት 7 ዐሥረኛ በሚሆን መጠን ሲቆም 14 ሜትር ያህል ይበቃዋል። ከአንድ ጎማ መቆለፍ የተነሣ ሹፌሩ ፍሬኑን ወደ 5 ዐሥረኛ ቢያላላ ወደ 20 ሜትር ይፈልጋል። ስድስቱ ሜትር በወረቀት ላይ ትንሽ ቁጥር ነው፤ በኮልፌ መንገድ ላይ ግን ከገበያ የምትመለስ እናት ከነልጇ የምትሻገርበት ስፍራ ነው።

መደምደሚያ

ክቡራን ባልደረቦች፤

መኪናን የሚለውጥ ሰው፣ ዲፕሎማ ኖረውም አልኖረው፣ በዚያች ሰዓት የፋብሪካውን መሐንዲስ ወንበር ይቀመጥበታል። ወንበሩ ከነኃላፊነቱ ነው። በመሆኑም በየጋራዡ ለተለወጠ መኪና ሁሉ አንዲት ገጽ መዝገብ ብትኖር መልካም ነው። ምን እንደ ተለወጠ፣ የአራቱ መንኮራኩሮች ክብደት ምን ያህል እንደ ሆነ፣ አጥብቆ ሲያዝ የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደሚቆለፍ በዚያች ገጽ ይጻፍ። መኪናው እጅ ሲለውጥ ወረቀቱ አብሮት ይሂድ። ይህን ለማድረግ ሚዛን፣ ጠመኔና ትዕግሥት ይበቃሉ።

ከማኅበሩ አባላት የሚጠበቀው የመሻሻል ፍቅር ያለውን ወጣት መከልከል አይደለም። ቢከለክሉትም ሞላውን በሌላ ግቢ ያስቆርጠዋል። የሚጠበቀው ወደ ሽማግሌው መካኒክ ግቢ ገብቶ ከእጁ ልምድ ተምሮ፣ ሚዛኑንና ስሌቱን በለጋስነት ማካፈል ነው። ያ መካኒክ የዘይቱን መስመር ያጠበበው በክፋት አልነበረም፤ የጠየቁትን ሠራ። የጎደለው «የጠየቁህ ነገር ሕመሙ ነው ወይስ ምልክቱ?» ብሎ አብሮት የሚያስብ ሰው ነበር። የሚጮኸው ጎማ ሲመጣ አስቀድሞ ይደመጥ፤ ከዚያ ይመዘን፤ መፍቻው በመጨረሻ ይነሣ።